ክሬዲት ስኮር የቀን ነገር ነው

(አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች በተዘጋጀ የእሁድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ተቀንሷል።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የእሁድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ ብድር ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ አትሳቀቁ፤ ልጁ ከጮኸ እኔ በድምፅ እበልጠዋለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ከባንክ ተበድሮ የማያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ። ብዙ ናችሁ። እጃችሁን አታውርዱ። ከእናንተ ውስጥ ቤት ሊከራይ ወይም መኪና ሊገዛ ሄዶ «ክሬዲት የለህም» ተብሎ የተመለሰ? አያችሁ፣ እጆቹ እዚያው ናቸው። አገር ቤት ዕዳ የሌለበት ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። እዚህ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው ለባንኩ የማይታወቅ ሰው ነው። ለማያውቁት ሰው ማን ያበድራል? እናንተስ ታበድራላችሁ?

ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንግባባ። ክሬዲት ስኮር፣ ብድር በመመለስ ምን ያህል እንደምትታመኑ ለአበዳሪው የሚያሳየው ቁጥር፣ የሀብት መለኪያ አይደለም። ባንክ ውስጥ 100 ሺህ ዶላር ቢኖራችሁ ስኮሩ አያውቅም። ደመወዛችሁን አያውቅም። ዘራችሁን፣ ሃይማኖታችሁን፣ ማግባት አለማግባታችሁን፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁን አያውቅም። የሚያውቀው አበዳሪዎች የጻፉላችሁን መዝገብ ነው፦ ስንት ተበደረ፣ መቼ ተበደረ፣ በቀኑ መለሰ ወይስ አሳለፈ? ስለዚህ ዛሬ «ቀን» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ እስክትሰለቹ ድረስ እላለሁ። ብዙ ሰው ስኮሩ የሚወርደው ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ገንዘቡን ይዞ ቀኑን ባለማወቁ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሁለተኛ ከዜሮ እንዴት እንደሚጀመር፣ ሦስተኛ ምን እንደሚያበላሸውና ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ እሱ ከገባችሁ ሌላው በራሱ ይገባችኋል።

እንግዲህ አንደኛው። መዝገቡን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። ባንኩ፣ የመኪና አበዳሪው፣ የክሬዲት ካርዱ ኩባንያ በየወሩ ስለ እናንተ ለነዚህ ይጽፋሉ። አንዳንዱ ለሦስቱም፣ አንዳንዱ ለአንዱ ብቻ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ሌላ ድርጅት መዝገቡን በቀመር አስልቶ ቁጥር ያወጣል። ዋናው ፋይኮ ይባላል፤ ስኮሩ ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሦስቱ መዝገብ ያዦች ደግሞ በ2006 ተባብረው ቫንቴጅስኮር የሚባል የራሳቸውን ቀመር አወጡ። የሁለቱም ቁጥር ዛሬ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። በፋይኮ አከፋፈል ከ670 ጀምሮ ጥሩ፣ ከ740 በጣም ጥሩ፣ ከ800 በላይ እጅግ የላቀ ይባላል። ከ580 በታች የሆነው ደካማ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ልመልስ። «ስልኬ ላይ ያለው አፕ 720 ይለኛል፤ የቤት አበዳሪው 685 አለኝ። ማን ዋሸ?» ማንም አልዋሸም። በነፃ ቁጥር የሚያሳዩ ብዙዎቹ አፖች ቫንቴጅስኮር ነው የሚያሳዩት። የቤት አበዳሪዎች ደግሞ ለረጅም ዓመታት የሠሩት በቆዩት የፋይኮ ቀመሮች ነው፤ ከሦስቱ መዝገብ ሦስት ቁጥር ያወጡና የመካከለኛውን ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ስኮር ብቻ ያለው ሰው የለም። አፑን እንደ መታጠቢያ ቤት ሚዛን ተመልከቱት፤ ኪሎው በትክክል ባይሆንም መጨመር መቀነሳችሁን ይነግራችኋል።

ይህ ቁጥር ለምን ያስጨንቀናል? አንድ ሒሳብ ብቻ እንሥራ። 300 ሺህ ዶላር የቤት ብድር ለ30 ዓመት ወሰዳችሁ እንበል። ወለዱ 6.5 በመቶ ከሆነ ዋናውና ወለዱ በወር ወደ 1,896 ዶላር ይመጣል። 7.5 በመቶ ከሆነ ወደ 2,098። ልዩነቱ በወር 200 ዶላር ገደማ ነው፤ በ30 ዓመት ከ72 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ያው ቤት፣ ያው ጣሪያ፣ ያው ግድግዳ። 72 ሺህ ዶላር!

ፋይኮ ክብደቱን እንዲህ ያከፋፍላል። በቀኑ መክፈል 35 በመቶ። ያለባችሁ ዕዳ መጠን 30 በመቶ። የመዝገቡ ዕድሜ 15 በመቶ። አዲስ የተጠየቀ ብድር 10 በመቶ። የብድሩ ዓይነት ስብጥር 10 በመቶ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ 65 ናቸው። ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

መክፈል ሲባል ከቀን እንጀምር። በእያንዳንዱ ክሬዲት ካርድ ላይ ሁለት ቀኖች አሉ፤ እባካችሁ ለዩዋቸው። አንዱ ስቴትመንቱ፣ ማለትም የወሩ የሒሳብ ዝርዝር፣ የሚዘጋበት ቀን ነው። ሌላው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን፣ ዱ ዴት የምንለው ነው። በሕጉ መሠረት ሒሳቡ ከተላከላችሁ በኋላ እስከ መክፈያው ቢያንስ 21 ቀን ሊሰጣችሁ ይገባል። ስቴትመንቱ በወሩ በ5 ቢዘጋ መክፈያው በ30 ሊሆን ይችላል። በዚያ ስቴትመንት ላይ ያለውን ሙሉውን ሒሳብ እስከ 30 ከከፈላችሁ በገዛችሁት ዕቃ ላይ አንድ ሳንቲም ወለድ አትከፍሉም። «ስኮር እንዲሠራ ትንሽ ዕዳ ማሳደር፣ ትንሽ ወለድ መክፈል ያስፈልጋል» የሚል ወሬ አለ። ከማን እንደመጣ አላውቅም፤ የጠቀመው ግን ባንኩን ነው። ወለድ መክፈል ስኮር አይጨምርም። አንዴ ልድገመው፦ ወለድ መክፈል ስኮር አይጨምርም!

ቀኑ ቢያልፍስ? እዚህ ላይ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ ወይም መደንገጥ ባለበት ጊዜ ይተኛል። ዱ ዴታችሁ መጋቢት 30 ነበር፤ ረሳችሁት፤ በሚያዝያ 20 ከፈላችሁ እንበል። በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። የቅጣት ክፍያና ወለድ ይመጣባችኋል፤ መዝገባችሁ ላይ ግን አይጻፍም፤ ምክንያቱም አበዳሪው «ዘገየ» ብሎ የሚጽፈው 30 ቀን ሲሞላ ነው። ያንኑ በግንቦት 2 ብትከፍሉ ግን 30 ቀን አልፏል፤ ተጽፏል፤ ለ7 ዓመት ይቆያል። ያዘገያችሁት 40 ዶላርም ይሁን 4 ሺህ፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው መዘግየቱ ነው። ከ30 ቀጥሎ 60፣ 90፣ 120 እያለ ይከብዳል። በክሬዲት ካርድ ወደ 180 ቀን ሲደርስ ባንኩ ተስፋ ቆርጦ እንደ ኪሳራ ይመዘግበዋል፤ ብዙ ጊዜም ዕዳውን ለሰብሳቢ ይሸጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ቀኑ ያለፈባችሁ ሒሳብ ካለ፣ 30 ከመሙላቱ በፊት ዛሬ ማታ ክፈሉ። ቀጥሎ ደውሉና የቅጣቱን ክፍያ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ ደንበኛ ከሆናችሁ ብዙ ጊዜ ያነሱታል።

መፍትሔው አውቶ ፔይ፣ ከባንክ አካውንታችሁ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ፣ ነው። አውቶ ፔይ ግን ራሱ ወጥመድ አለው። የቼኪንግ አካውንት ስትቀይሩ የድሮው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። አካውንቱ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ክፍያው ይመለሳል፤ ያልተከፈለ ሆኖ ይቆጠራል። አንዳንዱ ባንክ ደግሞ አውቶ ፔይ ያበራችሁበትን የመጀመሪያውን ወር አይሸፍንላችሁም፤ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ስቴትመንት ነው። ስለዚህ ያበራችሁበትን ወር በእጃችሁ ከፍላችሁ፣ በሁለተኛው ወር ራሱ መቁረጡን ዓይታችሁ ነው ማመን።

አገር ቤት ስትሄዱስ? ይህን ጉዳይ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካልተናገርኩት የት እናገረዋለሁ? ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰው ሦስት ወር ይሄዳል። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ዜሮ ነው ብሎ ነው የሄደው። በመሀል ግን የዓመቱ የካርድ ክፍያ 95 ዶላር ይወጣበታል። ወይም የረሳው የጂም ወርኃዊ ክፍያ ይቆረጣል። አዲስ አበባ ሆኖ ወደ ባንኩ ልግባ ሲል ባንኩ ኮድ ወደ አሜሪካ ስልኩ ይልካል፤ ስልኩ ደግሞ ተዘግቷል። ሲመለስ 60 ቀን የዘገየ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ለ95 ዶላር! ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በሁሉም ካርዶች ላይ፣ ዜሮ በሆኑትም ላይ፣ ሙሉውን የሚከፍል አውቶ ፔይ አብሩ። ኮዱ በኢሜይል ወይም በአፕ እንዲመጣ አስተካክሉ። መንቀሳቀሻ ገንዘብ ቼኪንግ ውስጥ ተዉ። ሻንጣ ከመመዘን በፊት የሚደረግ ነው ይሄ።

አሁን ወደ 30 በመቶው፣ ወደ ዕዳው መጠን፣ ልምጣ። ከሁሉም በፍጥነት የሚስተካከለው ይህ ነው። ሊሚታችሁ፣ ካርዱ የሚፈቅድላችሁ ጣሪያ፣ 1,000 ዶላር ነው እንበል። በወር 900 ትጠቀማላችሁ፤ በየወሩም ሙሉውን በቀኑ ትከፍላላችሁ። ወለድ የለ፣ መዘግየት የለ። ስኮራችሁ ግን አይነሳም። ለምን? ምክንያቱም ብዙዎቹ ባንኮች ለመዝገቡ የሚጽፉት ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ባላንስ፣ ማለትም ያልተከፈለውን ዕዳ፣ ነው። በ5 ተዘጋ፤ 900 ከ1,000 ተጻፈ። በ30 ሙሉውን መክፈላችሁን በዚያ ወር ማንም አላየላችሁም። ቀመሩ የሚያየው ሊሚቱን 90 በመቶ የበላ፣ የተጨነቀ ሰው ነው።

ምን ይደረግ? በ5 የሚዘጋ ከሆነ በ1 ወይም በ2 ላይ 850 ክፈሉ። ክፍያ ለመመዝገብ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ነው ቀደም የሚባለው። በ5 ላይ 50 ዶላር ብቻ ይጻፋል፤ 5 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ያቺን 50 ዶላር እስከ 30 ትከፍላላችሁ። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፦ በ2 ላይ የከፈለ ሰው «ጨርሻለሁ» ብሎ ይተኛል፤ በ3 ላይ የቀዳው ቤንዚን ግን ስቴትመንቱ ላይ ወጥቷል። ስቴትመንቱ ላይ አንድ ዶላር ካለ አንድ ዶላሩ ይከፈል።

ከ30 በመቶ በታች ያዙ ሲባል ሰምታችኋል። 30 የአጥር ድንበር አይደለም፤ 29 ገነት፣ 31 ሲኦል አይደለም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል፤ ከፍ ያለ ስኮር ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ናቸው። ቀመሩ ድምሩንም፣ እያንዳንዱን ካርድም ያያል። 5,000 ሊሚት ያለው ባዶ ካርድና 1,000 ሊሚት ያለው 900 የተበላበት ካርድ ቢኖራችሁ ድምሩ 15 በመቶ ነው፤ ያም ሆኖ ያ አንዱ ካርድ ይጎዳችኋል። ደስ የሚለው ነገር፣ በብዛት በሥራ ላይ ያለው ፋይኮ 8 ያለፈውን ወር ባላንስ አያስታውስም። በዚህ ወር ብታወርዱት በሚቀጥለው ወር ስኮሩ ይነሳል። አዳዲሶቹ ቀመሮች፣ ፋይኮ 10 ቲ እና ቫንቴጅስኮር 4፣ ግን ወደ ኋላ የ24 ወር አካሄድ ያያሉ፤ ስለዚህ ልማድ ብታደርጉት ነው የሚሻለው። ገቢያችሁ ሲጨምር ሊሚት እንዲያሳድጉላችሁ መጠየቅም ይቻላል፤ ብቻ «መዝገቤን በከባድ ነው የምታዩት ወይስ በቀላል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባድና ቀላል ያልኩት ኢንኳየሪን፣ ማለትም መዝገባችሁን ለማየት የሚቀርበውን ጥያቄ፣ ነው። ራሳችሁ ስኮራችሁን ብታዩ ቀላል ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ብታዩ አይቀንስም። ለብድር ስታመለክቱ አበዳሪው ሲያይ ከባድ ነው፤ መዝገቡ ላይ 2 ዓመት ይቀመጣል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን የ12 ወሩን ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ነው። መኪና ሻጩ ማመልከቻችሁን ለስድስት ባንክ ቢበትነውስ? ለመኪና፣ ለቤትና ለተማሪ ብድር በተቀራረበ ጊዜ የተደረጉ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በአዳዲሶቹ የፋይኮ ቀመሮች 45 ቀን፣ በአሮጌዎቹ 14 ቀን ነው። ስለዚህ ዋጋ ማወዳደር ስትፈልጉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ለክሬዲት ካርድ ይህ ምሕረት የለም። መደብር ውስጥ «ዛሬ ካርድ ካወጣሽ 15 በመቶ ቅናሽ» ስትባሉ፣ ለአንድ ጫማ ብላችሁ አታመልክቱ።

ስለ ዕድሜና ስለ ስብጥር ብዙ አልልም። አሮጌ ካርድ፣ ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው፣ አትዝጉ፤ ብትዘጉት ሊሚቱ ይጠፋና የመቶኛ ሒሳባችሁ ይበላሻል። በየጥቂት ወሩ ለቡና ተጠቀሙበት፤ ያለዚያ ባንኩ ራሱ ይዘጋዋል። ክፍያ ካለው ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ለስብጥር ብላችሁ ግን የማያስፈልጋችሁን ብድር አትውሰዱ።

ሁለተኛው ነገር፣ ከዜሮ መጀመር። አዲስ የመጣችሁ፣ ይህ የእናንተ ነው። አገር ቤት የነበራችሁ የባንክ ታሪክ እዚህ አይከተላችሁም። ዴቢት ካርድ አይቆጠርም። በጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉት የቤት ኪራይ አይቆጠርም። ለቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ አይቆጠርም። እቁብ! አሥር ዓመት አንድ ቀን ሳታዛንፉ እቁብ የጣላችሁ አላችሁ። ከዚህ የበለጠ የታማኝነት ማስረጃ ከየት ይመጣል? ግን ለመዝገቡ የሚጽፍ የለም። የእቁብ ዳኛው ለኤክስፔሪያን አይደውልም።

መነሻው ሴኪዩርድ ካርድ ነው። 200 ወይም 300 ዶላር መያዣ ታስቀምጣላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊሚቱ ያው ይሆናል። ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለሦስቱም መዝገቦች ትጽፋላችሁ? ዓመታዊ ክፍያ አለው? ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያልደረሳችሁ፣ አይቲን የሚባለውን የግብር ቁጥር የሚቀበሉ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች አሉ። ካርዱ ሲመጣ አንድ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ፣ 15 ዶላር የስልክ ወይም የኢንተርኔት ሒሳብ፣ ስቀሉበት፤ አውቶ ፔይ ሙሉ አድርጉ፤ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ፋይኮ ቁጥር ለማውጣት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ አካውንትና በመጨረሻዎቹ 6 ወራት የተጻፈ መረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር «ስኮሬ የታለ?» አትበሉ። በደንብ ከያዛችሁት ብዙ ባንኮች ከጊዜ በኋላ መያዣውን መልሰው መደበኛ ካርድ ያደርጉታል።

ሌላው መንገድ ቀድሞ የመጣ ዘመድ በካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ እንዲያስገባችሁ ነው። ካርዱን በእጃችሁ ባይሰጣችሁም የእሱ ታሪክ መዝገባችሁ ላይ ሊወጣ ይችላል። እሱ ካዘገየ ወይም ሊሚቱን ከሞላ ግን የእናንተም ይጎዳል፤ ያኔ ስማችሁን እንዲያወጡ አድርጉ። ማግባት ሁለት ሰው አንድ ሥጋ ያደርጋል ይባላል፤ መዝገቡን ግን አንድ አያደርግም። ባልም ሚስትም የየራሳቸው ስኮር አላቸው፤ ሁሉ ነገር በባል ስም ሆኖ ሚስት ባዶ መዝገብ ይዛ የምትቀርበት ቤት ብዙ ነው። እህቶች፣ በስማችሁ ቢያንስ አንድ ካርድ ይኑራችሁ።

ሦስተኛው፣ የሚያበላሸውና የሚጠገነው። ከዋስትና ልጀምር። «ወንድሜ፣ ስምህን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።» ያልሰማው ማን አለ? እምቢ ማለት በእኛ ባህል ከባድ ነው። ግን ኮሳይን ማለት ምስክር መሆን አይደለም፤ ተበዳሪ መሆን ነው። የ28 ሺህ ዶላር መኪና ብድር ሙሉው በእናንተም መዝገብ ላይ ይጻፋል። እሱ ሲያዘገይ እናንተም ዘገያችሁ። ቤት ለመግዛት ስትሄዱ ያ ወርኃዊ ክፍያ እንደ እናንተ ዕዳ ሊቆጠር ይችላል። እምቢ ማለት ካልቻላችሁ ቢያንስ የአካውንቱ መግቢያ የይለፍ ቃል ይኑራችሁ፤ ክፍያ ሲያልፍ መልእክት ለእናንተም ይምጣ። ፍቺም እንዲሁ ነው። ዳኛው «መኪናውን እሱ ይክፈል» ቢል እንኳ ባንኩ የሚያውቀው የፈረማችሁበትን ውል ነው።

ቀጥሎ ስሕተት። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው ድረ ገጽ የሦስቱንም መዝገብ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። እኛ ከሌላው ሰው በበለጠ ማየት አለብን። ለምን? ስማችንን አስቡት። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፤ ወንድምና እህት ሁሉ አንድ «የቤተሰብ ስም» ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ቦታ ላይ በአንድ መልክ፣ ሌላ ቦታ በሌላ መልክ ይጻፋል፤ ጸጋዬ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ከዚያ ላይ ብዙዎቻችን የልደት ቀናችን ጃኑዋሪ 1 ነው። ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ የልደት ቀን፣ አንዳንዴም ያው የአፓርታማ ሕንፃ! የአንዱ ዕዳ የሌላው ፋይል ውስጥ ቢገባ ይገርማል? ስለዚህ ስማችሁን በፓስፖርት፣ በባንክ፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ አንድ ፊደል እንኳ አትለዋውጡ።

ስሕተት ካገኛችሁ ለመዝገብ ያዡ በጽሑፍ አመልክቱ። የትኛው አካውንት፣ ምኑ ስሕተት እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ፤ በአንድ ገጽ። የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ቅጂ፣ የከፈላችሁበት ማስረጃ፣ ሪፖርቱ ላይ ስሕተቱን አክብባችሁ አያይዙ። ዋናውን ወረቀት አትላኩ። በፖስታ ከላካችሁ የመድረሻ ደረሰኝ ባለው ላኩ። በሕግ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለባቸው፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 45። ስሕተቱ በሦስቱም ላይ ካለ ለሦስቱም ለየብቻ ነው የሚላከው፤ ለጻፈው ባንክም ጭምር። ካልሰሟችሁ ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤት በሉ። የራሳችሁን እውነተኛ ዕዳ ግን «የእኔ አይደለም» አትበሉ፤ ያ ውሸት ነው፣ ተጣርቶም ይመለሳል።

«500 ዶላር ቀድማችሁ ስጡኝና ሁሉን አጠፋላችኋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣስ? ክሬዲት አስተካካይ ነኝ የሚል ድርጅት ሥራውን ሳይሠራ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። እውነተኛ መረጃ ማንም አያጠፋም፤ ስሕተቱን ደግሞ እናንተ በነፃ ታስነሳላችሁ። «ሲፒኤን የሚባል አዲስ ቁጥር እሰጣችኋለሁ፤ በሶሻል ሴኩሪቲ ምትክ ትጠቀማላችሁ» የሚል ከመጣ ሩጡ። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፣ አንዳንዴም የሕፃን ልጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ በእሱ ማመልከት ወንጀል ነው። ወረቀታችሁ ገና ያልተጨረሰ ደግሞ አስቡት።

ኮሌክሽን ውስጥ የገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ፣ ዕዳ ካለባችሁ ስልክ ላይ ካርዳችሁን አትንገሩ። ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ማስታወቂያው ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከራችሁ ሰብሳቢው ዕዳውን እስኪያረጋግጥ መጠየቁን ማቆም አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው የመዝገቡ ሰዓት ነው፦ 7 ዓመቱ የሚቆጠረው መጀመሪያ ክፍያ ካቋረጣችሁበት ጀምሮ ነው፤ ዕዳው ቢሸጥም፣ ብትከፍሉትም እንደ አዲስ አይጀምርም። ሁለተኛው የክስ ሰዓት ነው፦ በፍርድ ቤት ሊከሷችሁ የሚችሉበት ጊዜ በየስቴቱ ይለያያል፤ በብዙ ስቴቶች ጥቂት ዶላር መክፈል ብቻ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ለሆነው ዕዳ «20 ዶላር ብቻ ክፈል» ሲሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ ጠይቁ። ለሕክምና ዕዳ ሦስቱ መዝገብ ያዦች ከ2022 እና 2023 ጀምሮ አሠራራቸውን አቅልለዋል፦ የተከፈለው ይነሳል፣ ዓመት ያልሞላው አይጻፍም፣ ከ500 ዶላር በታች የነበረውም አይወጣም። የሆስፒታል ሒሳብ ሲመጣ ስለዚህ ጊዜ አላችሁ፤ በክሬዲት ካርድ ለመክፈል አትጣደፉ፣ መጀመሪያ የእርዳታ ማመልከቻ ጠይቁ። ካርድ ላይ ካደረጋችሁት የሕክምና ዕዳ መሆኑ ያበቃል።

ቤት ልትገዙ ላሰባችሁ አንድ ቃል። በኤፍ ኤች ኤ ብድር፣ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው የቤት ብድር፣ ስኮሩ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈቀድለታል፤ ከ500 እስከ 579 ያለው 10 በመቶ። አበዳሪው ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ካመለከታችሁበት ቀን ቁልፉን እስክትቀበሉ ድረስ ሶፋ በብድር አትግዙ፣ መኪና አትቀይሩ፣ ለማንም ዋስ አትሁኑ፤ አበዳሪው የቤቱ ግዢ ከመጠናቀቁ በፊት መዝገባችሁን እንደገና ሊያይ ይችላል።

ብድር የማትፈልጉበት ጊዜ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መዝገባችሁን ቆልፉት። ፍሪዝ ይባላል፤ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ነፃ ነው፤ በሦስቱም ዘንድ ለየብቻ ይደረጋል፤ ስኮር አይነካም። በ2017 ከኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰው መረጃ መውጣቱን አስታውሱና ወስኑ። ስትፈልጉ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቃችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊከፍቱላችሁ ይገባል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አስተባባሪው እያዩኝ ነው። ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ። የአንዱን ካርዳችሁን አፕ ክፈቱ። ስቴትመንቶች የሚለውን ንኩ፤ የመጨረሻው የተዘጋበትን ቀን እዩ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀንሱና ካላንደራችሁ ላይ በየወሩ እንዲደወል አድርጉ። አባባ፣ መነጽርዎን ካልያዙ ከጎንዎ ያለችው ልጅ ታይልዎታለች። አገኛችሁት? ያላገኛችሁ እጅ አውጡ፤ ወደ እናንተ እመጣለሁ።